የማይወልቀው ጎማ

ማክሰኞ ማታ ነው። ከሥራ ገብቼ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ጎረቤቴ ጋራዥ ተሻገርኩ። የአየር ትንበያው ሐሙስ ሌሊት ከባድ በረዶ ይጥላል ብሏል። ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ እማማን ለኩላሊት እጥበት የሚወስደው መኪና ይመጣል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ናቸው። አንዱን ቀን መዝለል ቀልድ አይደለም፤ ኩላሊት ያላጣራው ውኃና ጨው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀምና ሳንባንም ልብንም ያስጨንቃል። መኪናው ተሽከርካሪ ወንበር የሚያነሳ ማንሻ አለው። ማንሻው እንዲወርድ፣ ወንበሩም እንዲገፋ፣ ከአስፋልቱ እስከ በራቸው ያለው ስፍራ መጠረግ አለበት። ሾፌሩ በረዶ አይጠርግም። ጠርጎ የሚጠብቀው እኔ ነኝ።

የበረዶ ማሽኑን ከጥግ ልስበው ስል ወደ አንድ ጎን ዘመመብኝ። ጎንበስ ብዬ ባየው የቀኝ ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሷል።

«ይኼማ ቀላል ነው» አልኩ። ጎማ ነው፤ ይወልቃል፣ ይጠገናል፣ ይገጠማል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ስንቱን አውልቄያለሁ!

ሁለት ቀን ሙሉ አልወልቅም አለኝ።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ግዛቶች አንዱ ነው። ፀሐይ የጠገብን ሰዎች ለምን እዚህ ብርድ ውስጥ እንደተሰበሰብን ግን እስካሁን አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ የለም። እናንተ በጋ ስትሉ እኛ ክረምት ላይ ነን። በረዶ የምንለው ቃላችን ደግሞ ብዙ ይሸከማል፤ ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ የሚወርደውም በረዶ ነው። «አመዳይ» የሚል የመጽሐፍ ቃል አለን፤ ግን ማን ይናገረዋል? እዚህ የሚያስቸግረን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ሲወርድ ድምፅ የለውም። ጠዋት በር ስትከፍቱ ነው ጉዱን የምታዩት። እ.ኤ.አ. በ1991 ከጥቅምት 31 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት እዚህ አካባቢ 28.4 ኢንች፣ ማለትም 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል። የእማማ ባለቤት ጋሼ ያን ጊዜ አሜሪካ ከገቡ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። «ዓለም ያለቀች መስሎኝ ነበር» ይሉ ነበር ሲያወሩት።

የከተማው ደንብ በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ያዛል። በአካፋ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው የከተማው ማረሻ መኪና አስፋልቱን ሲያጸዳ ነው። የጠረገውን ሁሉ በየሰው መግቢያ አፍ ላይ ቆልሎት ያልፋል። ያ ክምር ጥጥ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ የኔ ሥራ የሚገባው ንጋት ላይ ነው። በሌሊት ተነስቶ የሁለት ቤት መግቢያ በአካፋ ጨርሶ በሰዓቱ ሥራ መድረስ ወጣት ሳለሁም አልቻልኩትም፣ አሁን ደግሞ ወገቤ አኩርፏል።

ስለዚህ ማሽኑ የግድ ነው። ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፊቱ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ብረት በረዶውን ወደ መሐል ይሰበስባል፤ ከኋላ ያለው ሁለተኛው ተሽከርካሪ ብረት ተቀብሎ በረጅም አንገቱ በኩል ወደ ጎን ይተፋዋል። የመጀመሪያውን በራሱ የሚንቀሳቀስ በረዶ ጠራጊ የሠራው አርተር ሲካር የሚባል የኩቤክ ካናዳዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1925 ነው። ሐሳቡ የመጣለት የእህል መውቂያ ማሽን ሲሠራ አይቶ ነው ይባላል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማሽኑን ባየሁ ቁጥር አውድማ ትዝ ይለኛል፤ ገለባው ወደ አንድ ጎን ሲበር።

ጎማው ደግሞ እንዲሁ የተሰካ ጌጥ አይደለም። ማሽኑን ወደፊት የሚገፋው እሱ ነው። አንዱ ጎማ ተንፍሶ ሌላው ከቆመ ማሽኑ ይዘምማል፤ አፉ በአንድ ጎን መሬት ይፍቃል፣ በሌላው ጎን በረዶውን ጥሎት ያልፋል፣ አንተንም እየጎተተ ወደ አጥር ይወስድሃል። ሞክሬዋለሁ።

ማሽኑ የጋሼ ነው። ጋሼ ባለፈው ግንቦት ዐረፉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኔንም መግቢያ ጠርገውልኛል። እሳቸው ከጡረታ በኋላ እንቅልፍ የላቸውም፤ እኔ ስነሳ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን «ጠረግሁልህ» ብለውኝ አያውቁም። ባለፈው ጥር አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ስነሳ መግቢያዬ አልተጠረገም። እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ቅር አለኝ። የራሴን ብቻ በአካፋ ቆፍሬ ወደ ሥራዬ በረርኩ። ጋሼ ታመው ተኝተው እንደነበር፣ የእማማ መኪና በር ድረስ መግባት አቅቶት እንደተመለሰ፣ ቅዳሜ ማታ ትንፋሽ አጥሯቸው በአምቡላንስ እንደተወሰዱ የሰማሁት እሑድ ነው። በሁለታችን ቤት መሐል ያለው አንድ አጥር ነው።

ከጋሼ ተዝካር በኋላ እማማ ጠርተው የጋራዡን ቁልፍ ሰጡኝ። «ማሽኑ ዝገት እንዳይበላው። በረዶ ሲመጣ በሬን አትርሳ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ፤ ይህን ሳያደርግ በዚህ ማሽን አጠገብ እጁን የሚዘረጋ ሰው ጣቱን የጠላ ነው። ቤንዚኑን ቀድቼ ጄሪካኑን ከጋራዡ አውጥቼ ውጭ አስቀመጥኩ። ከዚያ ማሽኑን በአፍንጫው ደፋሁት፤ ሁለቱ ጎማዎች አየር ላይ ቀሩ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ባትሪ ይዞ ያበራልኛል። ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው አንድ ፒን ነው፤ በቱቦውና በዘንጉ መሐል ለመሐል አልፎ ይሻገራል። በሁለት የመዶሻ ምት ወጣ። ደስ አለኝ። ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩ።

እንደ ተበየደ ነው። ምንም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንጉ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት ነው። ቸርኬው መሐሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው፤ ቱቦው ዘንጉ ላይ ይጠልቃል። በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት በዓይን የሚታይ አይደለም። የቀለጠ በረዶ ግን ይገባበታል። ይህ ውኃ ደግሞ ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ መንገዱ ሁሉ በረዶው እንዳይረጋ ጨው ይነሰነስበታል፣ ጨዋማ ውኃ ደግሞ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። ዝገት የሚይዘው ስፍራ ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ነው። ስለዚህ ብረቱ እያለቀ ክፍተቱ የሚሰፋ ቢመስለንም የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ዝገቱ እያበጠ ቱቦውንና ዘንጉን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል።

ይህን ሁሉ ያን ማታ አላሰብኩም። ያሰብኩት መዶሻ ነው። ሁለት ኪሎ የሚሆን መዶሻ አንስቼ ቸርኬውን ከጀርባው መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ቸርኬው ጎበጠ፤ ቱቦው ንቅንቅ አላለም። ሲብስብኝ የዘንጉን ጫፍ መታሁት። ይኼ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነው። የተመታ ዘንግ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠ ጫፍ ከቱቦው ቀዳዳ ይሰፋል። ጎማው ቢላቀቅ እንኳ በየት ይወጣል? በዚያ ላይ ምቱ በዘንጉ በኩል ገብቶ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ይጎዳል።

«አባዬ፣ የባሰ እያደረግከው አይመስልህም?» አለኝ ልጄ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መዶሻውን ጥዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ አጎቴ በዚያ ሰዓት ነቅተው እንደሚሆን አውቃለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አርባ ዓመት ያህል መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉኝ ገና ስልኩን እንዳነሱ። በንጋት ከውጭ ሲደወል መርዶ ነው የሚመስለው፤ አልፈርድባቸውም።

«ሁላችንም ደህና ነን አጎቴ። ጎማ አልወልቅ ብሎኝ ነው።»

ዝም አሉ። «ለጎማ ነው ከአሜሪካ የደወልከው?»

«የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ጎማ ነው።»

«በረዶ ይጠረጋል እንዴ? ትንሽ ብትቆይ ይቀልጥ የለም?»

«እዚህ እስከ መጋቢት አይቀልጥም።»

«ኧረ ጉድ ነው!» ካሉ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሥራ ድምፅ ሆነ። «በምን መታኸው?»

ልብ በሉ፤ «መታኸው ወይ?» አላሉም።

ነገርኳቸው። ስለ ጎበጠው ቸርኬም ስለ ዘንጉ ጫፍም አልደበቅኩም። ጋራዥ ሳለሁ የሰበርኩትን ስደብቅ ነበር የሚቆጡት፤ ስለሰበርኩ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«ስማ» አሉኝ። «ብሎን ቢሆን ይፈታል። ይኼ ግን የታሰረ አይደለም፣ የተጣበቀ ነው። የተጣበቀ ነገር አይሳብም። መጀመሪያ አጠጣው፣ ይደር። ነጭ ጋዝም ቢሆን ይሁን፣ ያገኘኸውን ቀጭን ነገር አጠጣው። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን አንኳኳ፤ እንደ እንግዳ በር ነው የምታንኳኳው፣ እንደ ፖሊስ አይደለም። ከዚያ አዙረው። ሳይዞር የሚወጣ ነገር የለም። ሌላውንም ጎማ አብረህ አጠጣው።»

«ሌላው እኮ ደህና ነው።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ? አውልቀኸዋል?»

አላወለቅኩትም።

«እሳት ደግሞ እንዳታስጠጋ» አሉና ዘጉት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አንድ ጥገና ቤት ደወልኩ። በበረዶ ዋዜማ ሁሉም ሰው ማሽኑ የተበላሸበት ነው፤ ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው አሉኝ። አዲስ ማሽን ልግዛ ብል ይህን የሚያህለው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ለነገሩ ገንዘቡም ቢኖር የጋሼን ማሽን በጎማ ምክንያት ጥዬ ለእማማ ምን እላቸዋለሁ?

ከሥራ ስወጣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለተጣበቀ ብረት የሚሆን የሚረጭ ቀጭን ዘይት ገዛሁ። ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ የሚያነሳው ደብሊው ዲ ፎርቲን ነው፤ እኔም ቤት አለኝ። ግን የስሙ ፊደላት «ውኃ ገፊ» ማለት ነው፣ ቁጥሩም 40ኛው ሙከራ ነው። በመጀመሪያ የተሠራው ውኃን ከብረት ለማራቅ ነው፤ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሰርጎ ለመግባት ተብለው የተሠሩ ከእሱ የቀጠኑ ዘይቶች አሉ። ሦስት ጥፍር ያለው መንቀያም ከዚያው ሱቅ ተዋስኩ። ይኼ የአሜሪካ ደግ ልማድ ነው፤ ገንዘብ አስይዘህ ትወስዳለህ፣ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል።

ያን ማታ በመጀመሪያ የተደፈጠጠውን የዘንጉን ጫፍ በሞረድ አስተካከልኩ። የራሴን ጥፋት ለማስተካከል ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀጥሎ ሙቀት። የአጎቴን ቃል አክብሬ እሳት አላስጠጋሁም፤ ቤንዚን በነበረበት ቤት ነበልባል የሚያነድ ሰው ጎማውን ሳይሆን ጣሪያውን ነው የሚያወልቀው። ልጄ ከምድር ቤት አሮጌ ቀለም ለመላጥ የምንጠቀምበትን፣ የሞቀ አየር የሚተፋውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ አመጣልኝ። የጋራዡን በር ከፍተን ቱቦውን ብቻ አሞቅን፤ ላስቲኩ መሽተት ሲጀምር እናቆማለን። ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ ሁሉም ያውቃል። ምን ያህል እንደሚሰፋ ሲሰላ ግን ያሳፍራል። ቱቦው በ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተጨማሪ ቢሞቅ፣ የ19 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ የሚሰፋው 0.03 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ግማሽ ገደማ! ያውም ዘንጉ አብሮ እስካልሞቀ ድረስ ነው። ግን ዝገት ቅርፊት ነው፤ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ዘይት ይገባል። እጅ የሚያስነካ ሆኖ ሲበርድ ዘይቱን እንረጫለን፣ ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ እናንኳኳለን፣ እንጠብቃለን። ይህን አራት ጊዜ ደጋገምነው። የግራውንም አጠጣነው።

በመሐል እማማ ሻይ ይዘው መጡ። ረቡዕ የእጥበት ቀናቸው ነው፤ በዚያ ቀን ማታ ከአልጋ መነሳት እንኳ ይከብዳቸዋል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሁለት ኩባያ ሻይ ከነትሪው በሌላው እጃቸው! ልጄ ሮጦ ተቀበላቸው።

«እምቢ አለ?» አሉ ጎማውን እያዩ።

«እስከ ነገ እሺ ይላል እማማ።»

«ካልሆነ ይቅር ልጄ። አንድ ቀን ብቀር ምን እሆናለሁ?»

እኔም ልጄም መልስ አልሰጠናቸውም። ምን እንደሚሆኑ ሦስታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ በጊዜ ወጣሁ። ሰማዩ የዕጣን ጭስ መስሏል። ጋራዡ ውስጥ ከልጄ ጋር ሆነን ማዞሪያውን ዘዴ ፈጠርን። የዚህ ማሽን ሁለቱ ጎማዎች አንድ ወጥ ዘንግ ላይ ነው የተሰኩት። የቀኙን ፒን አውጥቼዋለሁ፤ የግራው ፒን ግን ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ የግራው ጎማ ሲዞር ዘንጉ አብሮት ይዞራል። ቀኙን እንዳይዞር ከያዝነው ዘንጉ በቀኙ ቱቦ ውስጥ ለመዞር ይገደዳል ማለት ነው። ሁለት ሁለት ሜትር የሚሆኑ ጣውላዎች አመጣን። አንዱን ቀኙ ጎማ ላይ በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ጠፍረን ጫፉን ወለሉ ላይ አስደገፍነው። ሌላውን ግራው ጎማ ላይ አሰርነው። ልጄ በአንደኛው ቆመ፣ እኔ ሁለተኛውን ይዤ ክብደቴን ጣልኩበት።

ምንም የለም። እንደገና። ምንም የለም። ዘይት። እንደገና። ጣውላው እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሊሰበር ነው ብዬ ልለቅ ስል አንድ ድምፅ ሰማን። ቅጭ! እንደ አሮጌ በር ማጠፊያ።

«ተሰበረ?» አለ ልጄ።

ጣውላው አልተሰበረም። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ያደረግሁት ምልክት ከቱቦው ምልክት የእህል ቅንጣት ያህል ራቅ ብሏል። እኔ ጮህኩ፤ አልደብቅም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መመላለስ ብቻ ነው። ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ፣ ዘይት፣ እንደገና። በየዙሩ ከቱቦው አፍ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቡኒ ዝቃጭ ይወጣል። ያ ዝቃጭ መውጣት አለበት፤ ሳይወጣ በደስታ ስትስበው መልሶ ይነክሳል። ግማሽ ዙር ከዞረልን በኋላ መንቀያውን አምጥቼ ጥፍሮቹን ከቸርኬው ጀርባ መሐሉ ላይ አስያዝኩ፤ የመሐሉን ብሎን በቁልፍ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሩብ ዙር፣ ማንኳኳት፣ ሩብ ዙር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጎማው እጄ ላይ ወደቀ። በረዶው ከጀመረ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ጎማውን ተሸክሜ ጥግ ላይ ያለው ጎሚስታ ዘንድ እሄድና በሩብ ሰዓት እመለሳለሁ። እዚህ ጎሚስታው አንተ ነህ። የጎበጠውን ቸርኬ አቃናሁ፣ ጎማውን በሁለት ትልልቅ ካቻቢቴ ፈልቅቄ ካላማዳሪ ከተትኩበት፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ሳላሳልፍ ነፋሁት። ዘንጉንና የቱቦውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ከሥር የወጣው ብረት በአንዳንድ ቦታ የተበሳሳ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ግራሶ በደንብ ቀባሁት። ጎማው ሲገባ በሁለት ጣት ገፋሁት፤ ያውም ያ ጎማ!

ፒኑን መትቼ እጄን እየጠረግሁ ቀና ስል ነው ግድግዳውን ያየሁት።

የጋሼ ዝርዝር ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ከመሣሪያ መስቀያው አጠገብ። ስንት ቀን አጠገቡ ቆሜያለሁ። «ዘይት ተቀየረ፣ ጥቅምት 2006።» «ካንዴላ፣ ጥቅምት 2008።» «ቺንጋ ተቀየረ፣ ኅዳር 2010።» ዘይቱ በየዓመቱ አለ፤ አንድም አልተዘለለም። የመጨረሻው መስመር ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ማለት እንዲህ ናቸው፤ መድኃኒታቸውን ይረሳሉ እንጂ የማሽኑን ዘይት አይረሱም። ስለ ጎማ ግን ከላይ እስከ ታች ባነበው አንድም ቃል የለም። ምን ያድርጉ? ጎማው አስቸግሯቸው አያውቅማ። ዘይት ይጎድላል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ቺንጋ ይበጠሳል፤ ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል።

ሰዓቱን አየሁ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ነው። ልጄን አየሁት።

«የግራውን?» አለኝ።

«ትምህርት አለህ፤ ሂድ ተኛ።»

አልሄደም። የግራውን ፒን አወጣን። አጎቴ እንዳሉት፣ «ደህናው» ጎማም ተጣብቋል። ሁለት ቀን ስለጠጣ እንደ ቀኙ አልከፋም፤ ጣውላዎቹን አገላብጠን አሰርን፣ በሦስተኛው ግፊት ቅጭ አለ። ጠርገን፣ ግራሶ ቀብተን፣ ገጥመን፣ ካንዴላውን አያይዘን፣ ቤንዚኑን ስንመልስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፈ። ልጄ ሶፋ ላይ ከነጫማው ተኛ። እኔ አልተኛሁም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡን ከፈትኩ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሞተሩ በሁለተኛው ሲጎተት ተነሳ። መጀመሪያ የእማማን መግቢያ ጀመርኩ፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይጎትተኝም። የማረሻ መኪናው አንዴ አልፏል፤ ክምሩን ቆርጬ ወረወርኩት። ሁለተኛ ተመልሶ እንዳይዘጋብኝ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። የእግረኛውን መንገድ፣ ከዚያ ማንሻው የሚያርፍበትን ቦታ በሰፊው። የራሴ መግቢያ እንደተዘጋ ነው።

መኪናው 11 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ሾፌሩ ወርዶ ማንሻውን አወረደ። እማማን ወንበራቸው ላይ ሆነው ገፋኋቸው፤ ነጠላቸውን ከካፖርቱ ላይ ደርበዋል። በጋራዡ በኩል ስናልፍ ማሽኑን አዩት።

«ወለቀ?»

«ሁለቱም ወለቁ እማማ።»

«ሁለቱም ምን ሆነው?»

«አብረው ነው የተጣበቁት።»

«አንድ ቀን አውልቀው አይተውት አያውቁም ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ጻፈው እንጂ ታዲያ» አሉኝ፤ በእጃቸው ወደ ግድግዳው እያሳዩ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ገብቼ እርሳሱን ፈለግሁ። ጋሼ ትተውት በሄዱበት፣ የካንዴላ መፍቻው አጠገብ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከመጨረሻው መስመር ሥር «ሁለቱም ጎማዎች ወልቀው ግራሶ ተቀቡ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጨመርኩ። ከዚያ የራሴን መግቢያ ለመጥረግ ማሽኑን እንደገና አስነሳሁ።